ኤሌክትሪክ ዞሮ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል፦ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ዑደት ለተማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ለሚማሩ ልጆች ኤሌክትሪክ ሁለት መልክ አለው። በትምህርት ቤት ቮልት፣ አምፔር፣ ኦም እየተባለ ለፈተና የሚጠና ትምህርት ነው። በቤት ደግሞ ምጣድ የሚያግል፣ ስልክ የሚሞላ፣ ካልተጠነቀቁት ግን ቤት የሚያቃጥልና ሰው የሚገድል ኃይል ነው። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን በቃሉ ሸምድዶ ሁለተኛውን ሳያውቅ ያድጋል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለማገናኘት የተዘጋጀ ነው። ተማሪዎች በራሳቸው፣ ወላጆችና መምህራን ደግሞ ከልጆች ጋር ሆነው ቢያነቡት ይጠቅማል።

አስቀድሞ መያዝ ያለበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚፈሰው ሄዶ የሚመለስበት ሙሉ መንገድ ሲያገኝ ብቻ ነው። አምፖል መብራቱም፣ ሽቦ መጋሉም፣ ኮረንቲ ሰውን መያዙም ከዚህ ይመነጫል።

ኤሌክትሪክ ምንድን ነው?

ማንኛውም ቁስ ከአተሞች የተሠራ ነው። በአተም ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እንደ መዳብና አሉሚኒየም ባሉ ብረቶች ውስጥ ከእነዚህ ኤሌክትሮኖች የተወሰኑት ከአንዱ አተም ወደ ሌላው በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ። እነዚህ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲነዱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ተፈጠረ ይባላል።

ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያልፍባቸውን ነገሮች አስተላላፊ እንላቸዋለን፤ መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ጨው ያለበት ውኃ ከእነዚህ ይመደባሉ። የሰው አካልም ውስጡ ጨዋማ ፈሳሽ ስለሆነ ያስተላልፋል። እንደ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ብርጭቆና ደረቅ እንጨት ያሉት ደግሞ ኢ-አስተላላፊ ይባላሉ። ሽቦ ከውስጥ መዳብ፣ ከውጭ ፕላስቲክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዑደት ማለት ምን ማለት ነው?

ሙስበሃ አስቡ። ፍሬዎቹ በአንድ ክር ላይ ዙሪያውን ተደርድረዋል። አንዱን ፍሬ ስትገፉት ሁሉም በክሩ ላይ አብረው ይዞራሉ። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ ግን ዙሩ ይቋረጣል። የኤሌክትሪክ ዑደትም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሮኖቹ መጀመሪያውኑ በሽቦው ውስጥ ሞልተው አሉ፤ ባትሪው አይፈጥራቸውም፣ ይገፋቸዋል እንጂ። ማብሪያውን ስትጫኑ አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ስለሚጀምሩ ነው።

አንድ ቀላል ዑደት አራት ነገሮች አሉት። እነሱም የኃይል ምንጭ (ለምሳሌ ባትሪ ድንጋይ)፣ ሽቦ፣ ኃይሉን የሚጠቀም ዕቃ (ለምሳሌ አምፖል) እና ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያው ሲበራ መንገዱን ይገጥማል፣ ሲጠፋ ደግሞ ይቆርጠዋል። መንገዱ የገጠመ ሲሆን ዝግ ዑደት፣ የተቆረጠ ሲሆን ክፍት ዑደት ይባላል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። በር ሲከፈት ሰው ያልፋል፤ ዑደት ሲከፈት ግን ኤሌክትሪክ ይቆማል።

ሦስቱ ዋና ቃላት

በሀብሩ ቆላ የመስኖ ቦይ ያየ ተማሪ እነዚህን ቃላት ለመረዳት አይቸገርም።

ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋው ኃይል ነው። ውኃው ከከፍታ ሲወርድ እንደሚኖረው ግፊት ይቆጠራል። የሚለካው በቮልት ነው። አንድ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ የቤታችን መስመር ደግሞ 220 ቮልት ነው።

ከረንት በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። በቦዩ ውስጥ በየሴኮንዱ እንደሚያልፈው ውኃ ማለት ነው። የሚለካው በአምፔር ነው። ሕዝባችን "ኮረንቲ" የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም "የሚፈስ" ማለት ነው።

ሬዚስታንስ ፍሰቱን የሚያስቸግር እንቅፋት ነው። ጠባብ ወይም ድንጋይ የሞላበት ቦይ ውኃን እንደሚይዘው፣ ቀጭንና ረጅም ሽቦም ኤሌክትሪክን ይይዛል። የሚለካው በኦም ነው።

የሦስቱን ዝምድና ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 አሳተመ። ሕጉ አጭር ነው፦ ከረንት ማለት ቮልቴጅ ሲካፈል ለሬዚስታንስ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፤ እንቅፋቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይቀንሳል። 3 ቮልት በሚሰጡ ሁለት ባትሪ ድንጋዮች ላይ 15 ኦም ሬዚስታንስ ያለው አምፖል ብናስር፣ 3 ለ15 ሲካፈል 0.2 አምፔር ያልፋል።

አራተኛው ቃል ዋት ነው። ዕቃው በየሴኮንዱ የሚጠቀመውን ጉልበት ያሳያል፤ የሚገኘውም ቮልቱን በአምፔሩ በማባዛት ነው። አንድ ምጣድ 3,300 ዋት ከሆነ፣ 3,300 ለ220 ሲካፈል 15 አምፔር ይስባል። 10 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ግን 0.05 አምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ምጣድ የሚስበው ከ300 በላይ አምፖሎች የሚስቡትን ያህል ነው።

ተከታታይና ትይዩ አያያዝ

ሁለት አምፖሎችን በአንድ መስመር አንዱን ከሌላው ቀጥሎ ብናስር ተከታታይ ዑደት ይባላል። ኤሌክትሪኩ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ አምፖል ሲቃጠል ሁለተኛውም ይጠፋል። ግፊቱንም ስለሚካፈሉ ሁለቱም ደብዝዘው ይበራሉ።

እያንዳንዱ አምፖል የራሱ መንገድ ካለው ትይዩ ዑደት ይባላል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይበራል፤ ሁሉም ሙሉ ቮልቴጅ ያገኛሉ። የቤታችን ሽቦ የተዘረጋው በዚህ መንገድ ነው። የሳሎን መብራት ሲጠፋ የጓዳው የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ትይዩ አያያዝ ግን አንድ አደጋ አለው። ዕቃ በተጨመረ ቁጥር ከቆጣሪው በሚመጣው ዋና ሽቦ ላይ የሚያልፈው ከረንት ይደመራል። 3,300 ዋት ምጣድ 15 አምፔር፣ 2,200 ዋት የውኃ ማፍያ 10 አምፔር፣ 1,100 ዋት ምድጃ 5 አምፔር ቢስቡ ድምሩ 30 አምፔር ነው። ሦስቱም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ 30 አምፔር በዚያች ቀጭን ሽቦ ያልፋል ማለት ነው።

ሽቦ ለምን ይቃጠላል?

ከረንት በሬዚስታንስ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀት ይፈጥራል። ምጣድ የሚግለው ሆነ ተብሎ ሬዚስታንስ ያለው ሽቦ ከሥሩ ስለተጠመጠመ ነው። ያው ሕግ ግን በግድግዳው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይም ይሠራል። ልብ በሉ፦ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከረንቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። "ትንሽ ብጨምርበት ምን ይሆናል?" የሚለው ግምት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤሌክትሪሻኖች ሽቦን በ"ካሬ" ይለያሉ፤ የመዳቡ ውፍረት በሚሊ ሜትር ካሬ ማለት ነው። በተለምዶ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ 4 ካሬ ይዘረጋል። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

ሌላው የእሳት መነሻ የላላ ማያያዣ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ከተጠቀለለ የመነካኪያው ቦታ ጠባብ ስለሚሆን ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ነጥቡም ይግላል። ሶኬቱ ከጠቆረ፣ ፕላስቲክ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም መሰኪያው ሲነካ ከጋለ ዕቃው ወዲያውኑ ተነቅሎ ባለሙያ መጠራት አለበት።

"ሾርት" ወይም አጭር ዑደት የሚባለውም የዚሁ ሕግ ውጤት ነው። ሁለቱ ሽቦዎች መካከል ላይ አምፖል ወይም ዕቃ ሳይኖር በቀጥታ ሲነካኩ እንቅፋት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከረንቱ በቅጽበት በመቶዎች አምፔር ሊደርስ ይችላል። ብልጭታና ፍንዳታ የሚያስከትለው ይህ ነው።

መብራት ለምን ይደክማል?

ብዙ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አምፖል ሲፈዝና ምጣድ አልግል ሲል ሁሉም ያውቀዋል። ምክንያቱ ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤቱ ያለው ሽቦም ሬዚስታንስ ስላለው ነው። ብዙ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካ በመስመሩ ላይ ብዙ ከረንት ያልፋል፤ ከቮልቴጁም ከፊሉ በመንገድ ላይ ይቀራል። ከትራንስፎርመሩ የራቀው ቤት የበለጠ ይጎዳል።

ሒሳቡን እንይ። 3,300 ዋት ምጣድ ሬዚስታንሱ ወደ 14.7 ኦም ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ከረንቱ ወደ 12.3 አምፔር፣ ጉልበቱም ወደ 2,200 ዋት ይወርዳል። ቮልቴጁ ከአንድ አምስተኛ ባነሰ መጠን ቀንሶ ሳለ የምጣዱ ሙቀት በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። እንጀራው ዓይን አላወጣ የሚለው ሊጡ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል።

መብራቱ ከየት መጥቶ ወልድያ ይደርሳል?

የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ግልገል ጊቤ 3 ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የሚመነጨው ኃይል በአገር አቀፍ መስመር ተያይዞ ይሰራጫል። ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣና መቀሌ የሚሄደው 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሰሜን ወሎን ምድር አቋርጦ ያልፋል።

230 ኪሎ ቮልት ማለት 230,000 ቮልት ነው። ይህን ያህል ከፍ የሚደረገው ለምንድን ነው? ያው የሙቀት ሕግ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ያንኑ ጉልበት በትንሽ ከረንት መላክ ይቻላል፤ ከረንቱ ሲያንስ ደግሞ በመንገድ የሚባክነው ሙቀት በእጅጉ ያንሳል። ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል፤ በየሰፈሩ ባለው ትራንስፎርመር ደግሞ ለቤት ወደሚሆነው 220 ቮልት ይደርሳል። ኃይል ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ነው፤ ለደንበኛ ማድረስ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው።

በጦርነቱ ወቅት ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወልድያና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸው አይረሳም። የዑደትን ትምህርት ለተማረ ልጅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግድቦቹ ሥራቸውን ባያቆሙም በረጅሙ መስመር ላይ አንድ ቦታ ከተቆረጠና ሌላ መንገድ ከሌለ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ያን ጊዜ ወፍጮ ቆመ፣ የውኃ ፓምፕ ቆመ፣ ስልክ የሚሞላበት ጠፋ። ለአንድ ከተማ ሁለት መንገድ መዘርጋት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

በፀሐይ ኃይል ለሚጠቀሙ

መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ብዙ ቤተሰብ በፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይጠቀማል። ከዚህ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ሲሆን፣ የመስመሩ ኤሌክትሪክ ግን በሴኮንድ 50 ዙር አቅጣጫውን ወዲያና ወዲህ ይቀያይራል። ለዚህም ነው የፀሐይ ባትሪ ላይ የመስመር ዕቃ ለመጠቀም ኢንቨርተር የሚያስፈልገው።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ በደረቅ እጅ ቢነካ ሰውን አይገድልም። ሆኖም ሁለቱ ጫፎቹ በመፍቻ ወይም በሽቦ ቢገናኙ እጅግ ብዙ ከረንት ይለቃል፤ ብረቱን ያግላል፣ እሳትም ያስነሳል። ስለዚህ ሕፃናት ከማይደርሱበትና አየር ከሚገባበት ቦታ ይቀመጥ።

ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን አይጠብቅም

ብዙ ሰው "ብሬከር አለኝ፣ አልሰጋም" ይላል። ይህ ስህተት ነው። 16 አምፔር የተባለ ብሬከር ከዚያ በላይ ሲያልፍበት መስመሩን ይቆርጣል። የሰውን ልብ ለማወክ ግን 0.1 አምፔር ይበቃል፤ ከ0.03 አምፔር ጀምሮም አደገኛ ነው። ሰውየው እየሞተ እንኳ ብሬከሩ ምንም ላይሰማው ይችላል።

የሰው ቆዳ ደረቅ ሲሆን ሬዚስታንሱ እስከ 100,000 ኦም ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ 220 ቮልት የሚያሳልፈው 0.0022 አምፔር ብቻ ነው። ቆዳው ሲረጥብ ግን ሬዚስታንሱ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። ያኔ 0.22 አምፔር ያልፋል፤ ይህም ለሞት ይበቃል። ስለዚህ ውዱእ አድርጎ እጅ ሳይደርቅ ማብሪያ መንካት፣ በባዶ እግር እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የመስጂድ ድምፅ ማጉያ ወይም የውኃ ፓምፕ መሰካት ከባድ አደጋ አለው። በመስጂድም ሆነ በቤት የውዱእ ቦታ አጠገብ ሶኬት አይገጠም።

ወፍ በአንድ ሽቦ ላይ ስትቆም ምንም አትሆንም፤ ሁለት እግሯም ያረፈው በአንዱ ሽቦ ላይ ስለሆነ በእሷ በኩል የሚዞር ፍሰት የለም ማለት ይቻላል። እኛ ግን መሬት ላይ ቆመን ፌዙን ብንነካ ኤሌክትሪኩ በሰውነታችን አልፎ በመሬት በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ዑደቱን የምንገጥመው እኛ ነን። ይህን ለመከላከል ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ የዕቃው ብረት በስህተት ኤሌክትሪክ ቢይዝ ፍሰቱን ወደ መሬት ይወስደዋል። ሁለተኛው በ0.03 አምፔር ልዩነት የሚቆርጥ ልዩ ብሬከር ነው። አቅም ያለው ቤትና መስጂድ ቢያስገባው ሕይወት ያድናል።

ኮረንቲ ሰው ቢይዝ

1. በእጃችሁ አትንኩት፤ ዑደቱ ወደ እናንተም ይዘረጋል።
2. ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን አርቁ።
3. ሽቦው ከምሰሶ የወደቀ ከሆነ ከ10 ሜትር በላይ ራቁ፤ ሌላውንም አርቁ፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አሳውቁ። ከፍተኛ ቮልቴጅን በእንጨት ለማንሳት መሞከር አይገባም።
4. ሰውየው የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ በደረቱ መካከል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ።
5. አፈር ውስጥ መቅበር ወይም ወተት ማጠጣት አያድንም፤ ውድ ጊዜ ያባክናል።
6. ቢነቃም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የልብ ምት ችግር በኋላም ሊከተል ይችላል።

ቆጣሪው ምን ይቆጥራል?

ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 1,000 ዋት የሆነ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ይቆጥራል። 3,300 ዋት ምጣድ ሙሉ ኃይሉን እየሳበ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 6.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 10 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ 0.05 ብቻ ነው። የአንድ ቀን ጋገራ አምፖሉን 132 ቀን ያበራል ማለት ነው። የአገራችን ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ፣ ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ቤተሰብ ከአምፖሉ ይልቅ ምጣዱን ማየት አለበት። ምጣዱ ከጋለ በኋላ እንጀራውን ሳያቋርጡ መጋገር ጥሩ ቁጠባ ነው።

በቤት የሚሠራ ሙከራ

የሚያስፈልጉት ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና ሦስት አጫጭር ሽቦዎች ናቸው። ባትሪዎቹን የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር አገናኝታችሁ አስተኙ። አምፖሉን በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጫፎች ጋር አያይዙ፤ ይበራል። አንዱን ሽቦ ቁረጡና በተቆረጠው ቦታ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ እንጨት፣ ፕላስቲክና ከሁለቱም ጫፍ የተቀረጸ እርሳስ እየተካችሁ ሞክሩ። የትኛው አምፖሉን አበራ? የእርሳሱ ጥቁር ልብ ብረት ባይሆንም ያስተላልፋል፤ ከግራፋይት የተሠራ ነውና አምፖሉ ቢደበዝዝም ሊበራ ይችላል። ውጤቱን በደብተራችሁ በሠንጠረዥ መዝግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሙከራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ሥሩ። በግድግዳ ሶኬት ላይ በፍጹም አትሞክሩ። የባትሪውን ሁለት ጫፍ ያለ አምፖል በሽቦ አታገናኙ።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. 1,760 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት ስንት አምፔር ይስባል? (8 አምፔር)
2. በቤታችሁ ምጣድ ላይ ስንት ዋት ተጽፏል? የሚሰካበት ሽቦስ ስንት ካሬ ነው?
3. በቤታችሁ ወይም በመድረሳችሁ ውኃ ሊደርስበት የሚችል ሶኬት አለ?

የመጀመሪያውን በደብተር ይመልሱታል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን ከወላጅ ጋር ቤቱን ዞሮ በማየት ነው። አንድ ልጅ የጠቆረ ሶኬት አይቶ "አባዬ፣ ይህ ይጠገን" ካለ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።